የአኮ ቱሜ ሙክትና የእኔ ቃል

በሕይወቴ አንድም እንስሳ ገድዬ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የሚገድልልኝ ሰው አላጣሁማ! ወታደር በነበርኩበት ዘመን እንኳ የተመደብኩት ልብስ ስፌት ክፍል ነው፤ ጓደኞቼ ጠመንጃ ሲወለውሉ እኔ የሻምበላችንን የተቀደደ ሱሪ እጥፍ ነበር። መንግሥት ሲወድቅም ድንበር ተሻግሬ ኬንያ ሞያሌ የገባሁት በአንድ እጄ መቀስ፣ በሌላው ሜትር ይዤ ነው። መጀመሪያ ስደተኛ ተባልኩ፤ እሱ ሲቀር «ፈንዲ» ተባልኩ። እዚህ ማዶ በስዋሂሊ ባለሙያን ሁሉ፣ ሰፊም ይሁን ግንበኛ፣ እንዲህ ይሉታል። እነሆ ሃያ ዓመት አለፈኝ።

ታዲያ እጄ ደም ነክቶ ስለማያውቅ ራሴን የእንስሳት ወዳጅ አድርጌ እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ አንድ የቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ነጂ ሞተሩ ሥር የተኛ ውሻ በጫማው ሲጠልዝ ደረስኩበት። ያን ቀን የሰበክሁትን ስብከት ኢማም አልሰበከውም። በአማርኛ ጀመርኩ፣ በስዋሂሊ ቀጠልኩ፣ ቃል ሲያጥረኝ የማላውቀውን ኦሮምኛ ጨመርኩበት፤ ይህ ፍጡር ምን አደረገህ፣ አላህን አትፈራም ወይ አልኩት። ሰው ተሰበሰበ። ልጁ አፍሮ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፤ ውሻውም በበኩሉ እኔን ፈርቶ ሄደ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሳመራ አኮ ቱሜ በራችን ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሲያዩ ኖረዋል።

አኮ ማለት በቦረናዎች ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ ቱሜ የምከራይበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ኡራን በሚባል ገጠር ከብት ተከትለው ኖረው፣ ድርቅ ከብቱን ጠራርጎ ሲጨርሰው ወደ ከተማ የገቡ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ሞቷል፤ ወንድ ልጅ የላቸውም። አማርኛውን ከወዲያ ማዶ ሰዎች ጋር ሲነግዱ ነው የለመዱት። ቀና ብለው አዩኝና ዓይናቸውን በግራ እጄ ላይ በተንጠለጠለው ጁዋላ፣ ማለትም ፌስታል፣ ላይ አሳረፉት።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሥጋ ነው፣ አኮ።»

«የማን ሥጋ?»

እኔ ደግሞ ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት አልችልም። «"የማን ሥጋ" አይባልም፤ "የምን ሥጋ" ነው የሚባለው። የፍየል ነው» ብዬ አረምኳቸው። «እሺ» አሉ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ሰው ማስተማር ደስ ይላል። ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ጠበስኩ፣ በላሁ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንት እንደቆየ አኮ ቱሜ ወደ ሱቄ መጡ። ልጃቸው ቃሜ ኡራን ናት፤ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል። ሄደው አዋልደው፣ እናትና ልጁን ይዘው ወደ ሞያሌ ሊመለሱ ነው። ዓመቱ ደረቅ ነበር። ከፍየሎቻቸው ሁሉ የተረፈው አንድ ሙክት ነው፤ ቡሬ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ የአራት ዓመት። ቡሬ ጠዋት በሩ ሲከፈትለት ብቻውን በጎዶማ መንገድ በኩል ወደ ቁጥቋጦው ይወጣል፤ ማታ ማንም ሳይጠራው ብቻውን ይገባል። ቤቱን የሚያውቅ ፍየል ነው።

«ቃሜ ስትመጣ ቡሬ አላት። ለቡሬ አንተ ትሆንልኛለህ?» አሉኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ቃሌ ነው፣ አኮ! ቃሌ!» አልኩ።

አኮ ቱሜ ክው አሉ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እጆቼን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ግን ፊታቸው ፈታ አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ጥሩ ሰው መሆኔን፣ ለዚህ ነገር የሚሆን ወንድ አጥተው ሲጨነቁ መክረማቸውን ነገሩኝ። አንድ ፍየል ለመጠበቅ ይህን ያህል ምስጋና በዛብኝ፤ ቢሆንም ተቀበልኩ። ማክሰኞ ዕለት ሎሪ ተሳፍረው ሄዱ።

እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቡሬ በሩ ላይ ቆሞ እንድከፍትለት ጠበቀ። እኔ ሆዬ ማሰብ ጀመርኩ። ጅብ ቢበላውስ? ሌባ ቢወስደውስ? ያኔ የናይሮቢው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ሾፌሮች ሁሉ አብደው ነበር፤ አንዱ ቢገጨውስ? ቃል ገብቻለሁ! በሩን ዘጋሁና ሱቅ ውስጥ፣ ክንድ በምታህል ገመድ፣ ከስፌት መኪናዬ እግር ጋር አሰርኩት። እሱም ቁጭ ብሎ ሥራዬን ያይ ጀመር። ክር ሲበጠስብኝ ፂሙን ቀና አድርጎ የሚያየኝ አስተያየት ቁርጥ የሻምበላችን ነው። ስለዚህ ቡሬ መባሉ ቀረና ሻምበል አልኩት።

ሻምበል ሳር አጣ እንጂ ምግብ አላጣም። ቻፓቲ አበላሁት፤ ወደደው። ሻይ በስኳር አጠጣሁት፤ ወደደው። የተረፈ ሩዝ፣ ጎመን፣ አንድ ጊዜም ግማሽ ጋዜጣ፤ ሁሉንም ወደደ። በአምስተኛው ቀን ሆዱ ተነፋና ከበሮ አከለ። ላብ አጠመቀኝ። ሮጬ የከብት መድኃኒት ሻጩን ስለምነው፣ ምን እንዳበላሁት ጠየቀኝ። ስዘረዝርለት ለፍየል ነው ወይስ ለሙሽራ አለና የምግብ ዘይት አጠጣው ብሎ መለሰኝ። ፍየል ዘይት አጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ከጠርሙሱ ሲሶው እሱ ሆድ ገባ፤ የቀረው በእኔ ሸሚዝና ለአንዲት ሙሽራ በምሰፋው ጨርቅ ላይ ነው። ሲሻለው ጊዜ በደስታዬ በኦሞ አጠብኩት። ሲንቀጠቀጥ ደግሞ አንጀቴን በላውና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኮት ሰፋሁለት፤ አራት ቁልፍ ያለው፣ ገበር የገባበት። የሰው ኮት እንደዚያ ተጠንቅቄ ሰፍቼ አላውቅም።

እሱም ውለታዬን የመለሰው የአንድ ፖሊስ ሱሪ በመብላት ነው። ከጉልበት በታች ያለውን አንዱን እግር በልቶ ጨረሰው። አፋንዴው ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ሌላ መላ ስላጣሁ ሁለተኛውንም እግር ቆርጬ ቁምጣ አድርጌ ጠበቅሁት። ቁምጣውን አገላብጦ አየ፣ ኮት የለበሰውን ፍየል አየ፣ እኔን አየ። «እኔ ብሆን እበላው ነበር» አለና ቁምጣውን ይዞ ወጣ። እንዴት ያለ ጨካኝ ነው ብዬ ለሻምበል ነገርኩት።

ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ሥጋ ከዚያ ቤት ጠፋ። እሱ ፊት መጥበስ አቃተኝ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ተደብቄ ሆቴል እሄድና ጥብሴን በልቼ፣ እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ አፌን ተጉመጥምጬ እመለሳለሁ። ሻምበል ተነስቶ ጣቶቼን ያሸታል። በሚስቱ ላይ የሚባልግ ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ አወቅሁ።

ደግሞ ሎሪዎቹ አሉ። ሱቄ እዚያው ግቢያችን ላይ፣ መንገድ ዳር ነው። ወደ ናይሮቢ የሚሄዱት የከብትና የፍየል ሎሪዎች ሻይ ለመጠጣት እፊት ለፊቴ ይቆማሉ። ከብቱ ታች ተጠቅጥቆ ይቆማል፤ ሰዎች ከላይ ብረቱ ላይ ተቀምጠው የወደቀውን በዱላ እየወጉ ያስነሳሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ በስፌት መኪናዬ አናት አሻግሬ ይህንን አይቻለሁ፤ ስለነሱ ከአፌ የወጣ ነገር ቢኖር «ኤጭ፣ አቧራ!» የሚል ብቻ ነው። አሁን ግን ሎሪ ሲቆም ሻምበል ይጮኻል፤ ከሎሪው ውስጥ ይመልሱለታል። እነሱ ይጠሩታል፣ እሱ ይመልሳል። እኔ መስፋት አቃተኝ። ለአንድ ውሻ ያን ሁሉ የሰበክሁ ሰውዬ ለመቶ ፍየል ምን አደረግሁ መሰላችሁ? በሬን ዘጋሁ።

አኮ ቱሜ አንድ ቀን ደወሉ። መስመሩ ይቆራረጣል። ቃሜ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ነገር ግን ብዙ ደም ፈሷታል፣ አቅም የላትም፣ መቆም አልቻለችም። ቅዳሜ ይዘዋት ይመጣሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና ያልከኝን አልረሳህም አይደል አሉኝ። እኔ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «ቃሌ ነው አልኩዎት እኮ! ቃሌ!» ብዬ ጮህኩ። «ገላቶሚ፣ ገላቶሚ» ብለው አመስግነው ዘጉት።

ቅዳሜ ጠዋት ሎሪው ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ቃሜን ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጠዋት ነበር። ደግፈን አወረድናት። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ሕፃኗን እኔ ነኝ የያዝኩላት፣ እሷ መያዝ አልቻለችም። አኮ ቱሜ ልጃቸውን ክፍሏ አስተኝተው ወደ ሱቄ መጡ። ሻምበል ኮቱን ለብሶ፣ ከስፌት መኪናው እግር ታስሮ ተቀምጧል። ምስጋናዬን ለመቀበል ቆሜ ጠበቅሁ።

አኮ ቱሜ ጎንበስ ብለው ኮቱን አንድ በአንድ ቁልፉን ፈቱና አወለቁት። ፀጉሩን አሸተቱ። ሰኮናውን አነሱ፤ መሬት ስላልረገጠ አድጎ መጣመም ጀምሯል። ገመዱን በክንዳቸው ለኩት። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«ምን ላድርገው?» አልኩ።

«"ቀሌ" አልከኝ እኮ።»

ቀሌ! በኦሮምኛ «አረድኩ» ማለት ነው። በጆሮ ሲሰሙት ከ«ቃሌ» የሚለየው እንደ ፀጉር በቀጠነ ነገር ነው። ቃሉን የማላውቀው እንዳይመስላችሁ፤ ሃያ ዓመት ሥጋ ቤት በር ላይ ስሰማው ኖሬያለሁ። ከራሴ አፍ ሲወጣ ግን አልሰማሁትም። አፌን ያዝኩ። ቃል መግባቴ እንጂ አርዳለሁ ማለቴ እንዳልነበረ፣ ይህን ፍየል ከጅብና ከሎሪ ያተረፍኩት በዚህ ቢላዋ ልጨርሰው እንዳልሆነ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። አኮ ቱሜም አስረዱኝ። ያን ቀን ደንግጠው ነበር፤ ገና ሳልሰጠው አረድኩ ይላል ብለው። ኋላ ግን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከወንበራችን ሳንነሳ «መጣሁ» እንደምንል ትዝ አላቸው። እኔማ ጨርቁን ሳልቆርጥ ለደንበኛ «ጨረስኩት» ስል በየቀኑ ይሰሙኛል። እንደዚያው ሳያርድ አረድኩ ይላል፣ ሊያርድልኝ ነው ብለው ደስ አላቸው። ምን ልበል? ያን ጊዜ እንኳ ጨረስኩት ያልኩት ሱሪ ሳይጀመር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ከልጅነቱ አሳድገውት፣ ስም አውጥተውለት፣ እንዴት አስቻለዎት? ይህ ጭካኔ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

አኮ ቱሜ አልተቆጡም። «እኔ ጋ አራት ዓመት ጠዋት ወጣ፣ ማታ ገባ። አንድ ቀን ይሞታል» አሉ። «አንተ ጋ ሃያ አራት ቀን አልሞተም። ግን አልወጣም፣ አልገባም።»

ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከግድግዳው ማዶ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ የእናትየዋ ድምፅ ግን አይሰማም። የአራስ ሾርባዋን ዛሬ ማግኘት አለባት፤ ይህንን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ወዲያው መላ የመጣልኝ መሰለኝ። አሁኑኑ ገበያ ሮጬ ሌላ ፍየል እንደማመጣ፣ ወይም ከሥጋ ቤት ጥሩ ሥጋ ከነአጥንቱ እንደምገዛ፣ ሻምበል እንደሚቀር ነገርኳቸው።

«ያኛውስ?» አሉኝ። «የማን ነው?»

«የምን ነው» ነው የሚባለው ብዬ ላርማቸው አልቃጣኝም። ዕድሜ ልኬን ጁዋላ ውስጥ ተሸክሜ ስሙን የማላውቀውን እየበላሁ፣ ስሙን ያወቅሁት ጊዜ ብቻ ልቤ መባባቱን ያን ጊዜ አየሁት። ተከራክረው አሸነፉኝ ማለቴ አይደለም። ሻምበል ቢጠየቅ ከሁለታችንም የተለየ ሦስተኛ ሐሳብ ሳይኖረው አይቀርም። እሱን ግን የጠየቀው የለም።

አኮ ቱሜ ሊያስጨንቁኝ አልፈለጉም። ከጨነቀህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አሉ። አስቀድሞ ግን ቡሬ ይፈታ፣ ዛሬን እንኳ ወጥቶ ይዋል ብለው ገመዱን ፈቱለት። መጀመሪያ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ተደናቀፈ። ከዚያ ተነቃነቀና በጎዶማ መንገድ በኩል ሄደ። እኔ በሬ ላይ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ አንድ ስፌት አልሰፋሁም። እንዲጠፋ ለመንኩ። ሃያ አራት ቀን ሌባ እንዳይወስደው የለመንኩት ሰውዬ፣ ሌባ ምነው ባገኘው እል ጀመር። እናም ሌላ ሰው ይፈለግ እንዳልል፣ ያ ሰው ሁልጊዜ የነበረኝ ሰው ነው፤ የሚገድልልኝ።

በአሥር ሰዓት ተመለሰ። ማንም ሳይጠራው፣ ብቻውን። በአኮ ቱሜ በር በኩል አለፈና እኔ ዘንድ መጥቶ ጣቶቼን አሸተተ።

«እኔው ነኝ የማርደው» አልኳቸው።

አኮ ቱሜ ቢላዋውን ከግድግዳው ጀርባ ሄደው ሳሉት፤ እሱ እንዳያይ። ውሃ አቀረቡለት፣ ጠጣ። ከዛፉ ጥላ ሥር አስተኝተን እሳቸው እግሩን፣ እኔ አንገቱን ያዝን። እኔ ስለያዝኩት አልተንፈራገጠም። ያልተንፈራገጠው አምኖኝ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚከብደኝም ይኸው ነው። እጄ ቢንቀጠቀጥ የሚሰቃየው እሱ መሆኑን አኮ ቱሜ በጆሮዬ ነገሩኝ። አልተንቀጠቀጠም። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር ብዬ አንድ ጊዜ አሳረፍኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አኮ ቱሜም ገላህን ታጠብ፣ ሂድ፣ ምን ሆንክ አላሉኝም። እሳቸውም ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠራረጉ።

ሾርባው እንደደረሰ ለእኔም በሳህን አቀረቡልኝ። አልበላም አልኩ። ሳህኑን አልመለሱትም።

«ይህ ሥጋ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ ጊዜ እንኳ እያወቅህ ብላ» አሉኝ።

በላሁ። ጨው በዛበት መሰለኝ፤ ለካ የራሴ እንባ ነው። ዛሬም ሥጋ እበላለሁ፣ አልዋሻችሁም፤ ግን ጁዋላ ይዤ በአኮ ቱሜ በር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

ከዚያ ለቃሜ ሁለተኛውን ሳህን እንዳደርስላት ላኩኝ። ቀና ብላ ትራስ ተደግፋለች፤ ከንፈሯ ላይ ቅባት አለ፣ ሕፃኗን ራሷ ይዛታለች። ሕፃኗ የተጠቀለለችው ገበር ባለው ባለ አራት ቁልፍ ኮት ነው። ቃሜ አማርኛ አትችልም። ሳህኑን ተቀበለችኝና በኦሮምኛ ማን እንዳረደው ጠየቀችኝ።

«ቀሌ» አልኳት።

በዚህኛው ጊዜ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።